ጋቢ ለባሹ እንግዳ አይደለም ወይ?

በከተማችን ሆቴሎች በር ላይ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ማንም አልፈረመበትም፣ የትም አልተለጠፈም፤ ግን ዘበኛው በቃሉ ያውቀዋል፣ አስተናጋጁ ያውቀዋል፣ ከሁሉም በላይ ጋቢውን ደርቦ በሩ ፊት ለፊት የሚያመነታው ሰው ያውቀዋል። ሕጉ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ እንግዳ ነው፤ ጋቢ የለበሰ ኢትዮጵያዊ ግን «ማንን ፈልገው ነው?» ይባላል። ይህን ሕግ እንቃወማለን። በሹክሹክታ ስንቃወመው ቆይተናል፤ አሁን በጽሑፍ እንቃወመዋለን።

ከመነሻችን አንድ ነገር እናጥራ። ሁሉም ሆቴል እንዲህ ነው አላልንም። እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ ሳይመረምሩ «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉ ቤቶች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ማንም ያሻውን ለብሶ፣ ሲያሻውም ሳይለብስ፣ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ይንጎራደድ የሚል አቋምም የለንም። ልብስ ሥርዓት ይፈልጋል። ጥያቄያችን፣ ሥርዓቱ ምንን ይጠብቃል? ማንንስ ይጠብቃል? የሚል ነው። አጠገባችን ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ምቾት የሚጠብቅ ከሆነ እኛም አለንበት። የሰውን ኪስ በልብሱ በኩል የሚበረብር ከሆነ ግን ስሙ ንቀት ነው፤ ንቀት ደግሞ ከረባት ስላሰረ ጨዋነት አይሆንም።

«ወይ ሥራ ማጣት! አገር በስንት ነገር ተወጥሮ ሳለ እናንተ ስለ ሆቴል ልብስ ትጽፋላችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎን፣ እንጽፋለን። ትልቅ ነገር ሁሉ አንድ ትንሽ በር አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ፣ በሀብትም ሆነ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት እንደማይደረግባቸው ይደነግጋል። መልካም። ይህን አንብቦ ለፈተና መሸምደድ ይቻላል፤ ተማሪዎች ነን፣ ሸምድደነዋል። ቃሉ ከወረቀት ወርዶ መሬት የሚነካው ግን አንድ ሰው አንድ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ላይ «ግባ» ወይም «ቆይ» ይባላል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው።

እስቲ የምንነጋገርበትን ቦታ በቅጡ እንወቀው። የሆቴል ሳሎን፣ ዛሬ ላውንጅ የሚባለው፣ መኝታ ክፍል አይደለም፤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሰው ከፈለገ አንሶላ አገልድሞ ይዋል፣ ማን አየው? ላውንጅ የማይተዋወቁ ሰዎች ባንድ ጣራ ሥር ለጥቂት ሰዓት ጎረቤት የሚሆኑበት ቦታ ነው። ባንዱ ጥግ ሌሊቱን ሲበር ያደረ መንገደኛ ሻንጣውን አቅፎ ያንቀላፋል። በሌላው ጥግ ነጋዴዎች ውል ይዋዋላሉ። እዚያ ማዶ ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። እዚህ ደግሞ ሁለት ማኪያቶ ለአራት ያዘዙ ተማሪዎች ጎርኪ ይበልጣል፣ ቼኾቭ ይበልጣል እያሉ ይነታረካሉ። ሁሉም የየራሱ ልብስ አለው፤ ሁሉም የሌላውን ልብስ ያያል። ቦታው የጋራ ስለሆነ የልብስ ነገር የለባሹ የግል ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ይህን እንቀበላለን። ግን የጋራ በመሆኑ ምክንያት የአንዱ ወገን ዓይን በሌላው ሁሉ ላይ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይገባም፤ ይህንንም ተቀበሉን።

ባለፈው የምረቃ ሰሞን ያየነውን እንንገራችሁ። የሆቴሉን ስም አንጠራም፤ ጠባችን ካንድ ቤት ጋር አይደለም። የአንድ ጓደኛችን አባት ልጃቸውን ሊያስመርቁ ከገጠር መጥተዋል። ነጭ ጋቢ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ፣ በእጃቸው ዱላ። ጋቢው ለዚያ ቀን ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ጥጡን ሚስታቸው ፈትለውታል፣ ያገራቸው ሸማኔ ሠርቶታል። ከምረቃው በኋላ ሻይ ቡና እንበል ተባብለን ወደ አንድ ሆቴል ጎራ አልን። እኛ ጥቁሩን የምረቃ ካባ በክንዳችን እንደያዝን አለፍን። ወዲያው ከኋላችን «አባባ! አባባ! ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማን። ዘበኛው አልጮኸም፣ አልተሳደበምም። «ይኼ የእንግዳ ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ ይጠብቁ» ነበር ያላቸው። ሽማግሌውም «እሺ ልጄ» ብለው ፈቀቅ አሉ። በዚያችው ደቂቃ ሁለት ነጮች ቁምጣና ካናቴራ ለብሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን ወለሉ ላይ እያንጣጡ፣ በመካከላችን አልፈው ገቡ። ማንም ወዴት ነው ያላቸው የለም።

ተመለስን፣ ተከራከርን፣ አባታችንን አስገባን፤ ሻዩም ተጠጣ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከነከነን ግን የዘበኛው ክልከላ አይደለም፤ ሽማግሌው ምንም አለመገረማቸው ነው። «እሺ ልጄ!» ሰባ ዓመት ሙሉ ሲያርሱ፣ ሲያጭዱ፣ ሲዳኙ የኖሩ ሰው፣ እንግዳ ሲመጣባቸው መደባቸውን ለቀው መሬት የሚተኙ ሰው፣ ቦታቸው ከበሩ ወዲህ መሆኑን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ተቀብለውታል። ያልተጻፈ ሕግ ክፋቱ ይህ ነው። የተጻፈውን ይግባኝ ይሉበታል፤ ያልተጻፈው ግን ሰውየው ራሱ ውስጥ ገብቶ ራሱን በራሱ ያስከለክለዋል።

ቁምጣ ለባሾቹን አንወቅስም። ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ ቁምጣ ለብሶ መንቀጥቀጥ የራሳቸው ምርጫ ነው። ዘበኛውንም አንወቅስም። ዘበኛው ሲመሽ ከደንብ ልብሱ ላይ ምን እንደሚደርብ እናውቃለን፤ ያንኑ ቀን ላይ የከለከለውን ጋቢ ነው የሚደርበው! እሱ የታዘዘውን ይፈጽማል። ሳይፈጽም ቀርቶ አንድ «ደረጃውን ያልጠበቀ» ሰው ቢያስገባ ደመወዙ እንደሚቆረጥ ይፈራል። እኛ ደግሞ አህያውን ፈርተን ዳውላውን አንመታም። ጥያቄያችን የሚያዝዙትን ነው። እናንት የሆቴል ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ ለዘበኛችሁ ጧት ጧት የምትነግሩት ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከበሩ አልፈን ወደ ሳሎኑ ጥግ እንመልከት። በብዙ ሆቴሎች እዚያ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ረከቦት ላይ ሲኒዎች ተደርድረዋል፣ ዕጣን ይጨሳል። ከጀርባው ጥበብ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት በዱካ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። እንግዶች ፎቶግራፍ ያነሷታል፤ ሆቴሉም ሥዕሏን ማስታወቂያው ላይ ያወጣዋል። እንግዲህ ተመልከቱ! የአገር ልብስ ለአሳላፊነት ሲሆን ባህል ይባላል፤ ለእንግድነት ሲሆን ግን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። የዚያችው ልጅ እናት ያንኑ ዓይነት ነጠላ ለብሳ፣ ልጇን ልትጠይቅ ብትመጣ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጪ ትባል ይሆን? ጥበቡ ሲያገለግል ይወደዳል፤ ሲገለገል ይጠረጠራል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉታል አባቶቻችን እንዲህ ያለውን።

የውጭ አልጋነቱንም እንይ። ከተማችን ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተባት፣ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በጉባኤ ሰሞን የሆቴሎቻችን ሳሎኖች በልብስ ያብባሉ። የናይጄሪያው ልዑክ አግባዳውን እያንዠረገገ ይገባል። የሴኔጋሏ እመቤት በቡቡ ትገባለች፤ የሱዳኑ ጀለቢያና ጥምጥም ለብሶ ይገባል። ሳሎኑ ይነሳላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። አግባዳ ከጋቢ የሚሰፋ እንጂ የሚጠብ ልብስ አይደለም፤ ማንም ግን «ይህ ድሪቶ ምንድን ነው?» አይልም፤ የሕዝብ ክብር መሆኑ ይታወቃልና። ታዲያ የሌላው ሕዝብ ልብስ ክብር ሆኖ የሚታየን፣ የራሳችን ግን ድህነት ሆኖ የሚታየን በምን መነጽር ነው? በማን ዓይንስ ነው የምናየው?

ልብስ እንደ ቋንቋ ሰዋስው አለው፤ እኛ ደግሞ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለንና ይህን ሳንናገር አናልፍም። ሕዝባችን «ለባብሰህ ና» ለመባል ፈረንጅን የጠበቀ ሕዝብ አይደለም። ነጠላ ባንድ መንገድ ብቻ አይለበስም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይጣፋል። ሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ያዝናል። ትልቅ ሰው ፊት ሲቀረብ ይደገደጋል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ ለብርድ፤ ኩታው ቀለል ይላል፣ ለአደባባይ፤ ቡሉኮው ከሁሉ ይከብዳል። ሰው ፊት ሲቆም ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ ትከሻው ላይ የሚያደርግ ገበሬ ከብዙ ምሩቅ ይልቅ የልብስ ሥርዓት ያውቃል። ይህን ሁሉ ሰዋስው የማያነብ ዘበኛ በር ላይ አቁመን፣ በሩን «ዓለም አቀፍ ደረጃ» ብንለው ምን ይባላል? ራስ ሳይጠና ጉተና ነው።

ታሪክም ይመሰክርብናል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል በ1898 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ እንደተቋቋመ ሁላችንም እንናገራለን። ቤቱ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳበት ከተማው ሁሉ እንደ ዘመድ ነው የደነገጠው። እንግዲህ የሆቴል ሥራ እዚህ ከተማ ውስጥ በሸማ ለባሽ ነው የተጀመረው ማለት ነው። እቴጌይቱ ዛሬ ዘውዳቸውን ቤት ትተው፣ ሸማቸውን ተከናንበው፣ ያለ አጃቢ ብቅ ቢሉ ከስንቱ ሆቴል በር ላይ «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ይባሉ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ፤ ክርክር ያለ ተከራካሪ አይጥምም።

አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ሆቴል የግል ንብረት ነው። ባለቤቱ የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን ያስወጣል። ምን አገባችሁ?» ቤትህ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርክ፣ ጌታው። ግን በሩ ላይ «ሆቴል» ብለህ ጽፈሃል። ለሕዝብ ክፍት ነኝ ብለህ ፈቃድ አውጥተሃል። ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው «አፍንጫህ አላማረኝም፣ ዳቦ አልሸጥልህም» ሊል አይገባውም፤ የከፈትከው በር ሰውን በመልኩና በጨርቁ እንድትመርጥበት አይደለም። ላውንጁ ለሚገዛ ብቻ ነው ካልክም እሺ፣ ሻይ እናዝዛለን። ለሁሉም እኩል «ምን ልታዘዝ?» በል፤ የጋቢውን ባለቤት ግን ሳይቀመጥ ገንዘቡን አትቁጠርበት።

ሁለተኛው ስለ ጸጥታ ያነሳል። «ጋቢ ውስጥ ምን እንደተደበቀ አይታወቅም» ይላል። ሻንጣ ውስጥስ ይታወቃል? ካፖርት ውስጥስ? ፍተሻን አልተቃወምንም። መፈተሻ ማሽኑ ከረባትና ጋቢ አይለይም፤ ብረት ካለ ይጮኻል፣ ከሌለ ዝም ይላል። ከሰው ይልቅ ማሽኑ ጨዋ የሆነበት ዘመን ላይ ደረስን እንዴ? ሁሉም ይፈተሽ፣ ሁሉም ይግባ።

ሦስተኛው ደግሞ በጣም የተማረው ነው። «ደረጃ አለ፣ ኮከብ አለ፤ የውጭ እንግዳ ምን ይላል?» ይለናል። ጋቢ ለባሽ ሶፋው ላይ ስለተቀመጠ ኮከቡ የረገፈበት ሆቴል እስከ ዛሬ አልሰማንም። የውጭ እንግዳውስ? ሺህ ኪሎሜትር ተጉዞ ላሊበላ የሚሄደው ነጭ ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ለማየት አይደለም ወይ? እዚያ ሲያየው ይመሰጣል፤ እዚህ አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ይከፋዋል ብለን የምንፈራለት ለምንድን ነው? ፍርሃቱ የእንግዳው አይመስለንም። ፍርሃቱ የእኛው ነው፤ በእንግዳው ስም ነው የሚናገረው።

በሌላ አገርስ እንዴት ነው? የሌላውን ማየት አይጎዳም። ጃፓን ውስጥ ሪዮካን የሚባል የጥንት ዓይነት የእንግዳ ማረፊያ አለ። እዚያ እንግዳው እንደደረሰ ዩካታ የተባለ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይሰጠዋል። ያንን ለብሶ ወደ መታጠቢያው ይሄዳል፣ እራት ይበላል፣ ሳሎን ውስጥም ይቀመጣል። የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል፤ የተገላቢጦሹ የሙታን አለባበስ ነውና። ሚኒስትርም ይሁን ጸሐፊ፣ ጃፓናዊም ይሁን የውጭ ሰው፣ ለሁሉም ያው ዩካታ ነው። በዚያው አገር ግን በብዙዎቹ በምዕራባዊ ስልት የተሠሩ የከተማ ሆቴሎች በዩካታና በመኝታ ክፍል ነጠላ ጫማ ወደ ሳሎን መውረድ አይፈቀድም። አንድ ልብስ፣ አንድ አገር፣ ሁለት ሥርዓት። ሁለቱንም እናከብራለን፤ ምክንያቱም በሁለቱም ቤት ደንቡ ተጽፎ ለእንግዳው ይነገረዋል፣ ሲነገርም ለሁሉም እኩል ነው። ልብሱን ይለካል እንጂ ለባሹን አይመዝንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕንድ ነው። በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ቬሽቲ የሚባል ነጭ የጥጥ ልብስ አለ፤ ያባት የአያት ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሃሪፓራንታማን በቼናይ ከተማ በሚገኝ አንድ የክሪኬት ክበብ ወደተዘጋጀ የመጽሐፍ ምረቃ ተጋብዘው ሄዱ። ቬሽቲ ለብሰው ነበርና «በዚህ ልብስ አይገባም» ተብለው ከበር ተመለሱ። ደንቡ እንግሊዞች አገሩን ይገዙ ከነበረበት ዘመን የወረደ ነው፤ ገዢው ከሄደ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ደንቡ ግን በር ላይ ዘብ ቆሞ ቀርቷል። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ወር እንኳ ብዙ ሳያልፍ፣ በነሐሴ፣ ሕግ አወጣ። የአገር ልብስ የለበሰን ሰው በልብሱ ምክንያት ከክበብና ከሕዝብ አዳራሽ መከልከል ፈቃድ የሚያሰርዝ፣ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 25 ሺህ ሩፒ መቀጮ የሚያስከትል ሆነ። ልብ በሉ፣ የተመለሱት ዳኛ ስለሆኑ ነው ጉዳዩ የተሰማው። ከሳቸው በፊት ስንት ገበሬ «እሺ ልጄ» ብሎ ተመልሶ ይሆን? የእኛ አገር ደግሞ በቅኝ አልተገዛም ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ታዲያ ይህ የበር ላይ ሕግ ከማን ወረስነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጋቢ ነው። የልብስ ዳኝነት ግን ሌላም ተከሳሽ አለው፤ ሴት ልጅ። ብቻዋን ላውንጅ ውስጥ የተቀመጠች ሴት፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ ከፍ ካለ፣ «ማንን እየጠበቅሽ ነው?» ትባላለች። ወንዱ ጋዜጣ ዘርግቶ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ ማን ጠየቀው? ሽማግሌው በጋቢያቸው «ድሃ» ተብለው ተነበቡ፤ እሷ በቀሚሷ «እንዲህ ያለች» ተብላ ተነበበች። ንባቡ ሁለት ይመስላል፣ አንባቢው ግን አንድ ነው፤ ሰውን ሳይጠይቅ ከጨርቁ ላይ ፍርድ የሚጽፍ ዓይን።

እዚህ ላይ የራሳችን ግቢ ታሪክ ይመጣል፤ ብንዘለው ሐቀኛ አንሆንም። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ግቢ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙ። ሕዝቡ በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር የውጭ ፋሽን ማሳየት ለማን ነው? አሉ። ጥያቄው ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም ያስከብራቸዋል። ቁጣው ግን ትርዒቱን ከሸጠው ነጋዴና ካጨበጨበው ባለ ሥልጣን ይልቅ እንግዶቹ ላይ አረፈ። እንግዶቹ ተሰደቡ፣ ተዋከቡ፤ ሚኒ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ የአገር ጠላት ሆና ታየች። ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ከዚያ ትውልድ ብዙ እንማራለን፤ ይህን ግን አንከተልም። የሰውን ልብስ በር ላይ ቆሞ መዳኘት፣ የሚዳኘው ባለ ሆቴልም ይሁን አብዮተኛ፣ ያው የዘበኛ ሥራ ነው። ለጋቢው ስንከራከር ከሚኒው ቀሚስ ላይ ቀምተን አይደለም።

«እሺ፣ ሁሉንም አፈረሳችሁ፤ ምን ልትተክሉ ነው?» ይባላል። እንናገር። መለኪያችን አንዲት ጥያቄ ናት፦ ይህ ልብስ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ምን አደረገው? ከዚህች ጥያቄ የሚከተሉት ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ውሃና ላብ ሳሎን አይገባም። ከመዋኛ የወጣ ሰው እርጥብ ልብሱን ለብሶ፣ ከስፖርት የመጣም በላብ የራሰ ቱታውን እንደለበሰ ሶፋ ላይ አይቀመጥ። ያንኑ ሶፋ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ይህ ለቱጃሩም ለተማሪውም እኩል ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የመኝታ ልብስና የመታጠቢያ ጋዋን ከክፍልና ከመዋኛው መተላለፊያ አይለፍ። እሳት ቢነሳ ወይም ሰው ቢታመም ግን በምንም ልብስ ይውረድ፤ ያን ጊዜ ስለ ልብስ የሚያወራ ሰው ቢኖር እሱ ነው ከሳሎን መውጣት ያለበት።

ሦስተኛ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ካናቴራውን ትከሻው ላይ ጥሎ መግባት ይቅር። ሆቴሉ የሰውነት መሸፈንን ልክ ማውጣት ይችላል። ያወጣው ልክ ግን ለወንድም ለሴትም፣ ለአገሬም ለውጭ ሰውም አንድ ይሁን። ቁምጣ ከተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀድ፤ ከተከለከለም ለሁሉም ይከልከል።

አራተኛ፣ ያደፈና ያረጀ አይምታቱ። ያረጀ ልብስ ለጎረቤት ምንም አያደርግም፤ የታጠበ አሮጌ ጋቢ ካልታጠበ አዲስ ሱፍ ይሻላል። በክረምት ጭቃ የያዘ ጫማ ከሆነ ችግሩ፣ በሩ ላይ መጥረጊያ ምንጣፍና ቡሩሽ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ውስጥ ጭቃ የሚረግጠው ገበሬ ብቻ ነው ያለው ማነው?

አምስተኛ፣ የሃይማኖትና የሐዘን ልብስ አይነካ። ነጠላ፣ ሒጃብ፣ ጥምጥም፣ ቆብ፣ ጥቁር ሻሽ፤ አውልቁ አይባልም፣ ለምንም አይባልም።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ ደንቡ ይጻፍ። በአማርኛም በሌላም ቋንቋ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ፊደል፣ በሩ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት። ደንቡን ያላሟላ እንግዳ ሲመጣም ሰው ፊት አይገሠጽ፤ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ ይነገረው፣ መፍትሔም ይሰጠው። ኮት ግዴታ ያደረጉ የውጭ አገር ምግብ ቤቶች ኮት ለሌለው እንግዳ ኮት ያውሳሉ። የእኛ ሆቴል ትከሻው ለተገለጠ እንግዳ አንድ ነጠላ ማዋስ ያቅተዋል? ሽሮ ሜዳ ሩቅ ነው እንዴ? የጋሞ ሸማኔዎች እጅ ያፈራው ሸማ ተደርድሮ ገዢ እየጠበቀ ነው!

ይህ ሁሉ ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ወረቀት፣ አንድ ምንጣፍ፣ ጥቂት ነጠላና ከዘበኛው ጋር አንድ ግማሽ ሰዓት መነጋገር። ኪሳራ አይደለም። እንዲያውም ጋቢ ለባሹ ሰው ሠርግ ይደግሳል፣ ልጅ ያስመርቃል፣ ዘመድ ይቀበላል፤ ለገንዘብ ብቻ የምታስቡ ከሆነም አስቡት።

ለእናንተም ለጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። የምረቃው ወቅት እየቀረበ ነው። ከየአቅጣጫው እናት አባት ይመጣል። «አባዬ፣ እዚያ ስንገባ ጋቢውን አውልቀው» ለማለት አፉን የሚያሞጠሙጥ ካለ፣ ይህን ካነበበ በኋላ አፉን ይሰብስብ። ከቻላችሁ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ አብራችሁ ግቡ። አምስት ሆናችሁ፣ አሥር ሆናችሁ፣ ንጹሕ ነጭ ጋቢ ደርባችሁ ላውንጁ መሐል ተቀመጡ፤ ሻያችሁን እዘዙ፣ ሒሳባችሁን ክፈሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ማንን ፈልጋችሁ ነው ስትባሉም መልሱ አጭር ነው።

«ማንንም አልፈለግንም። እንግዶች ነን።»